አሥራ ሁለተኛ ምርጫ

ሰልፍ አትወዱም እየተባልን እንታማለን። ሐሰት ነው። ሰልፍስ እንወዳለን፤ የማንስማማው ሰልፉ በየት በኩል እንደሚጀምር ብቻ ነው። የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሄዳችሁ የባሕር ዳር መኪና የሚጠብቀውን ሰው እዩት። ሁሉም ተሰልፏል፤ ሁሉም ደግሞ ፊተኛው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። እኔም ይህን እያየሁ ስስቅ ኖሬ፣ በዚሁ በሰልፍ ጉዳይ የእህቴ ልጅ ሕይወት በገዛ እጄ ሊበላሽ ሲል ሳቄን ዋጥኩት።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ላፕቶፕና ሳል የያዛት የምትመስል ፎቶ ኮፒ ማሽን አለችኝ። ሥራዬ ቅጽ መሙላት ነው። የሚወለደው፣ የሚያገባው፣ የሚፈታው ሁሉ በጣቶቼ በኩል ያልፋል ብል አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ትንሽ ነው ያጋነንኩት። በዚህ ሥራ አንድ መሐላ አለኝ፤ የመጣልኝን ወረቀት አላርምም። ድሮ አርም ነበር። አንድ የደምበጫ ሰው ቅጽ ሊያስሞሉ መጥተው በልደት ዘመናቸው ከታናሽ ወንድማቸው አንሰው ባገኛቸው፣ በቅንነት አስተካከልኩላቸው። ባስተካከልኩት ልክ ጡረታ ወጡ። እስከ ዛሬ በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ወደ ሌላ ያያሉ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በግ ይበራል ካለ፣ እኔ ክንፉን እጽፋለሁ።

የእህቴ ልጅ ማስተዋል ባለፈው ክረምት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ከቡሬ ወዲያ ወዳለው ወላጆቿ ቤት ለእረፍት ገብታ ነበር። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። የእህቴ ባል ቢሆኑም አገሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ ነው የምላቸው። ልጅቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም መሆን። እህቴ የመጨረሻ ልጇን ያጣችው ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ቡሬ ሲወስዷት መንገድ ላይ ነው። ማስተዋል ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከቃሬዛው ኋላ እስከ አስፋልቱ በእግሯ ተከትላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር እሆናለሁ ስትል የሰማት የለም።

እንግዲህ የትምህርት ክፍል ምርጫ በድንገት ተከፈተ፤ ለሦስት ቀን ብቻ። ልጅቱን ደግሞ ወባ ጥሏታል። በእነሱ ቀበሌ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም፤ ስልክ እንኳ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። ስለዚህ የኔታ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው፣ እሷ በትኩሳት መካከል የነገረቻቸውን አሥራ ሁለት ምርጫ ጻፉ፤ የተማሪነት ቁጥሯንና የይለፍ ቃሏን ጨመሩና በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላኩልኝ። ወረቀቱ የደረሰኝ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ነው። ምርጫው የሚዘጋው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መብራቱስ? መብራቱማ እንደ ልማዱ ሄዷል፤ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ብታዩት ለቅጽ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የተጻፈ ነው የሚመስለው። የብራና እጅ ጽሕፈት፣ የግዕዝ ቁጥር፤ ፩ ብሎ ስፖርት ሳይንስ፣ ፪ ብሎ ጂኦሎጂ እያለ ይወርድና፣ ከሥር ፲፪ ላይ ሕክምና ይላል። ሕክምና ብቻዋን በቀይ ቀለም ተጽፋለች። ግራ አልገባህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ገብቶኛል እንጂ! ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሐሳቡን ቢቀይር ምን ይገርማል? ቀዩንም ቀለም «ይህን ትቼዋለሁ» ማለቷ ነው ብዬ ተረጎምኩት። በዚያ ላይ መሐላዬ አለ። እንዳለ ገለበጥኩት። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ በአክብሮት ጠየቀኝ። በጣም አልኩት።

ይህን እንደጨረስኩ የሂሳብ አስተማሪው ጌትነት የክረምት ትምህርት የፈተና ወረቀት ሊያባዛ ገባ። ስክሪኑን አየና ልጅቱ ጎበዝ ናት ወይ ሲል ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አልኩት። እንግዲያው ያለ ጥርጥር ስፖርት ሳይንስ ገባች አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። አሠራሩን እንደ ክፍል ተማሪው አስረዳኝ፦ የመጀመሪያ ዓመት ውጤትና የመግቢያ ፈተና ይደመራል፤ ተማሪው ሁሉ ከትልቁ ውጤት ጀምሮ ወደ ታች ይደረደራል፤ ከዚያ ከላይኛው ተማሪ ተነሥቶ አንደኛ ምርጫህ ምንድን ነው ይባላል፤ ቦታ ካለ እዚያው ይመደባል። ሁለተኛውን ምርጫ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ወደ ታች የሚወረደው የላይኛው ሲሞላ ብቻ ነው።

እሷ ደግሞ ከሰልፉ ራስ ላይ ናት፤ ስፖርት ሳይንስ እንዴት ብሎ ይሞላባታል? ደካማ ብትሆን ኖሮ ገፍተው ገፍተው ሌላ ቦታ ይጥሏት ነበር፤ የሚያጠፋት ጉብዝናዋ ነው አለኝ።

ስልክ መታሁ። አልገባም። ደግሜ መታሁ። በሦስተኛው የኔታ አነሡት፤ ደግነቱ ከጉብታው ላይ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲያስቆጥሩ ነበር። የኔታ፣ ማስተዋል ሕክምናውን ተወችው እንዴ አልኳቸው። «ኧረ ምን በወጣት! ሌት ተቀን የምታነሣው እሱን አይደል?» አሉኝ። ታዲያ ለምን መጨረሻ ላይ ጻፉት? የኔታ በእኔ ድንቁርና አዘኑ። «አንተ ዓለሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትስም ነው እንዴ ያደግህ? ታቦት ሲወጣ ቆሞሱ ከዲያቆኑ ፊት ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ቅኔውን የሚጀምረው ደቀ መዝሙሩ፣ የሚያሳርገው መምህሩ አይደለም ወይ? ሕክምናን ያህል ነገር ከፊት አስቀድሜ ላዋርዳት ነው? በቀይ የጻፍኩልህኮ የቅዱሳን ስም በቀይ ስለሚጻፍ ነው!»

ዩኒቨርሲቲው ክብርን የሚቆጥረው ከፊት ነው አልኳቸው። ቀስ ብለው፣ «እና እስካሁን እንዲህ እያደረጉ ነው የሚሠሩት?» አሉኝ።

አዎ፣ እንዲህ እያደረጉ ነው። ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ምርጫውን ልቀይር ስከፍት ኮምፒውተሩ ወደ ተማሪዋ ስልክ የተላከውን ኮድ አስገባ አለኝ፤ ኮዱ የሚያገለግለው ለአምስት ደቂቃ ነው። ስልኩ ግን ከትራሷ ሥር ነው፤ ትራሷ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ቤት። የኔታ ወርደው ያምጡታ! ይህን ስላቸው፣ የስልኩን መክፈቻ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም አሉኝ። እንግዲያው እሷኑ ይዘዋት ይውጡ አልኩ። በወባ የምትንቀጠቀጥ ልጅ ይዘው አቀበት ይውጡ ማለቴ ነው። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ጌትነትም ፈተናውን ረስቶ አብሮኝ ቆመ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። ያረጀው ላፕቶፕ ያለ መብራት ሁለት ደቂቃ አይቆይም። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ከቃሬዛው ኋላ ስትከተል ትታየኝ ጀመር። ወረቀት አላርምም የሚለውን መሐላዬን ረገምኩት። የደምበጫውን ሰውዬም ጨምሬ ረገምኩ፤ ምንም ባያደርጉኝም።

አሥራ አንድ ሊሆን አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። በጎረቤት በቅሎ አውጥተዋታል። ማስተዋል ጥርሷ እየተንገጫገጨ «አጎቴ፣ ስፖርት ሳይንስ አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። አይዞሽ አልኳት፤ እኔን አይዞህ የሚለኝ ግን አልነበረም። ኮዱን እንደ አዲስ አስልኬ ቁጥሩን ጠየቅኋት። ድምፅዋ ስለተቆራረጠ የኔታ ስልኩን ተቀበሏት። ኮዱ መጥቷል፤ እሳቸው ግን አያነቡም። የኔታ ምን ሆኑ ብላቸው፣ «ልጄ፣ አሁን ደግሞ እንዳልሳሳት፤ ከየት በኩል ልጀምር?» አሉኝ።

ከግራ የኔታ፣ ከግራ ብዬ ጮህኩ። ስድስቱን ቁጥር ነገሩኝ። አሥራ ሁለቱን ምርጫ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው፤ ሕክምናን ከሥር አንሥቼ ከላይ አስቀመጥኳት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነዎት ሲለኝ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁት፤ ክቡ ምልክት መዞር ጀመረ፤ እየዞረ ሳለ መብራቱ ሄደ። ላፕቶፑም ተከተለው። ይግባ አይግባ ያወቀ የለም። ለየኔታ ገብቷል አልኳቸው። ዋሸሁ፤ ምን ላድርግ?

ገጹ ስለተዘጋ ላጣራ የምችልበት መንገድ አልነበረም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሸቴን ይዤ ኖርኩ። እህቴ ስትደውል ስልኩን እንደ ፍም እይዘው ነበር። ምደባው የወጣ ቀን ስሟን ስፈልግ ከስፖርት ሳይንስ ዝርዝር ጀመርኩ፤ የለችም። ሕክምና ላይ አገኘኋት። ፎቶ ኮፒ ማሽኗ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ባለጉዳዮች ማሽኗ የተበላሸች መስሏቸው ሌላ ቤት ሄዱ።

ልጅቱ ልትሄድ ስትል የኔታ የሽኝት ድግስ ደገሱ። ከድግሱ በፊት በዚያው ሹፌር እጅ አንድ ወረቀት ደረሰኝ፤ የዕለቱን መርሐ ግብር ተይቤ እንዳባዛላቸው ነው። ያው የብራና ጽሕፈት፣ ያው የግዕዝ ቁጥር። ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ተራ ይላል። ከሥር ፲፪ ላይ የደብሩ አስተዳዳሪ በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። ከእሳቸው በላይ ቄሶቹ፣ ከቄሶቹ በላይ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ በላይ በቅሎዋን የሳበው ጎረቤት አሉ። የእኔን ስም ፈለግሁት፤ ፩ ላይ አገኘሁት።

በዚህኛውስ መሐላዬን አላፈረስኩም፤ እንዳለ ተየብኩት። ጌትነት ከማሽኑ ሲወጣ አንሥቶ አነበበውና፣ ይገባሃል፣ ከሁሉ አስቀደሙህ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።