የጋሼ ፍሬን ተማሪ

ሁለት ሰዎች አንድ ነገር በእጃቸው መሥራት ከጀመሩ፣ ሦስተኛው መጥቶ እንዴት እንደሚሠራ ሳይነግራቸው አይቀርም። ሚስማር ስትመቱ «ዝቅ አድርገህ ያዘው» የሚል፣ መኪና ስታቆሙ ከእግረኛ መንገድ ላይ ሆኖ እጁን የሚያወናጭፍ፣ ታማሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሕመምተኛው በየትኛው ጎኑ መተኛት እንዳለበት ሲያስረዳ የምታገኙት ያ ሰውዬ። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልሾመውም፤ ግን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም።

አንዲት ፋርማሲስት የእነዚህን ሰዎች ሁሉ አለቃ ያገኘቻቸው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከከተማው ጀርባ ካለው ደን የለበሰ ኮረብታ ሥር ነው። ዕድሜዋ አርባን አልፏል። ቀኑን ሙሉ በባንኮኒና በመድኃኒት መደርደሪያ መሀል ስትቆም ወገቧ ስለከዳት፣ ባሏ የተራራ ሳይክል ገዝቶላት ነበር። ሳይክሏን ከመኪናው ላይ አውርዳ ገና «እንደምን አደራችሁ» ሳትል፣ አንድ ጠና ያሉ፣ ጠይምና ቀጠን ያሉ ሰው ጠጋ ብለው የፊት ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ድንጋይ!» አሉ። «ማነው እንዲህ የነፋው?»

«ባለቤቴ ነው።»

«ጥሩ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሳይክል እንዳይነካ ግን ንገሪው።»

ነፋሱን ፊስስ እያደረጉ ቀነሱት። ጎማ ለዘብ ሲል አፈርና ሥር ይይዛል፣ ሲወጠር ግን እንደ ኳስ ይነጥራል አሏት። ቀጥለው ኮርቻዋን ዝቅ አደረጉ፤ የሄልሜቷን ማሰሪያ አጠበቁ፤ ሰላም ያሏት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ጋሼ ፍሬን ይባላሉ» ሲል ሹክ አላት በየቅዳሜው ኮረብታው ላይ ሳይክል ከሚነዱት ጓደኛሞች አንዱ የሆነ ቧንቧ ሠራተኛ። «ለምን እንደሆነ ስንወርድ ትሰሚያለሽ።»

ሰማች። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ከኋላዋ የመጣው ድምፅ ወፎቹን ከዛፍ ላይ አስነሳ። «ፍሬን በአንድ ጣት! አትነቂው፣ አባብዪው! ሁለቱንም እኩል! የፊቱን ብቻ ከያዝሽ ሳይክሉ ይቆማል፣ አንቺ ትቀጥያለሽ!»

ክቡርነታቸው በሙያቸው ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሳይንገጫገጭ እንዲወጣና እንዲወርድ ሲያደርጉ ስለኖሩ፣ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ሁሉ በእሳቸው ሥር የሚተዳደር ይመስላቸዋል። ዳገት ሲመጣ «ማርሽ ቀድመሽ ቀይሪ! ዳገቱ መሀል ከደረስሽ በኋላ ካቴናው አይሰማሽም!» ይላሉ። ቁልቁለት ሲመጣ «ተነሺ! ፔዳሎቹን አስተካክለሽ ቁሚባቸው! ወንበር ለቢሮ ነው!» ይላሉ። አንድ ቀን ቡድኑን ሲያባርር የነበረ ውሻ መታጠፊያው ላይ ቢንሸራተት፣ ጋሼ ፍሬን ቆመው ወደ ውሻው ዞሩና «ወደምትሄድበት ማየት ነው እንጂ!» ብለው ገሠጹት። ውሻው ጭራውን ሸጉጦ ተመለሰ።

ኮረብታው ላይ ቢቀር ደግ ነበር። አንድ ቀን የሳል ሽሮፕ ሊገዙ ፋርማሲው መጡና ተሰላፊው ሁሉ እያየ ፋርማሲስቷን ከባንኮኒው ኋላ አቋቋሟን አረሙ። «ጉልበትሽን ልቀቂ። ክርንሽን እጠፊ፣ ወደ ውጭ። ወገብሽን ወደ ኋላ። እንደዚህ ሆነሽ መድኃኒት ብትሰጪ እኮ ማንም አይጥልሽም።» ከኋላቸው የተሰለፉ አሮጊት ይህን ሰምተው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጉልበታቸውን አጠፍ፣ ክርናቸውን ከፈት አደረጉ። «ለቁርጥማት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ለሁሉም ነው» አሉ ጋሼ ፍሬን፤ ሽሮፓቸውንም ረስተው ሄዱ።

ኮረብታው ላይ «ጉሮሮ» የሚባል ቦታ አለ። ጎርፍ የቦረቦረው ጠባብ ቁልቁለት ነው፤ ግራና ቀኙ የአፈር ግድግዳ፣ መሀሉ የተበተነ ድንጋይ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ድንገተኛ መታጠፊያ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ የሞከረችው ቀን፣ መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ድንጋይ አየችው፤ ዓይኗን ከሱ ላይ ልትነቅል አልቻለችም፤ ሄዳም ተላተመችው። መሬት ላይ ተዘርራ፣ የክርኗ ቆዳ ተገሽልጦ ሳለ፣ ጋሼ ፍሬን ከታች እየሮጡ ወጡ። እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት አፋቸው ደረሰ።

«ድንጋዩን አየሽዋ! ያየሽው ጋ ነው የምትሄጂው ብዬሽ አልነበር?»

«ጋሼ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ «እባክዎ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ።»

ሳይክሉን እየገፋች ወረደች። ባሏ ክርኗን ሲያይ «በቃሽ፣ አጥንትሽ ሳይሰበር» አላት። እሷም በልቧ ከዚህ የባሰ አለች። ድሮም ለእንደዚህ ዓይነት ነገር አልተፈጠርኩም፣ ድሮም ፈሪ ነኝ፣ አለች። ሳይክሉ በረንዳ ላይ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ የታጠበ ካልሲ ይሰጣበት ጀመር።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ከግቢው ውስጥ ስሟን የሚጠራ ድምፅ ሰማች። በረንዳዋ ላይ ወጥታ ቁልቁል ብታይ፣ ጋሼ ፍሬን ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች በሲሚንቶው ላይ እየደረደሩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ወጥቷል። ከማፈሯ የተነሳ እየሮጠች ወረደች።

«ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?»

ሰውዬው ለጊዜው አላዩዋትም። አንዱን ፕላስቲክ አቃኑ፣ እንደገና አቃኑ። «ያን ቀን ስለ ድንጋዩ ነገርኩሽ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ ክርንሽ ግን አልጠየቅኩም። እንዴት ነው ክርንሽ?»

ፋርማሲስቷ እጅጌዋን ሰብስባ አሳየቻቸው። «ድኗል» አለች።

«እስቲ እጠፊው። በይ ሳይክሉን አምጪ።»

ካልሲዎቹን አውርዳ አመጣችው። በፕላስቲኮቹ መሀል እያጠማዘዙ አዟዟሯት። የውጭውን ፔዳል ወደ ታች፣ አገጭ ወደ መውጫው፣ ሳይክሉን ማጋደል እንጂ ራስን አለማጋደል። ጎረቤቶች ፕላስቲክ በወደቀ ቁጥር «ኦህ!» ይላሉ፤ ሳይወድቅ ሲቀር ያጨበጭባሉ። ሲመሽ አንድም ፕላስቲክ አይወድቅም ነበር። ባሏም ከመስኮቱ ላይ በሁለት ጣቱ ሲያፏጭ ተሰማ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉሮሮ አናት ላይ ቆመች። ጋሼ ፍሬን እንደ ልማዳቸው በመኪናው መንገድ ዞረው ከታች ይጠብቃሉ። «አሰልጣኝ የሚቆመው ከታች ነው» ይላሉ ሁልጊዜ። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ኮርቻዋን ዝቅ እያደረገላት ድምፁን ቀነሰ። «ታውቂያለሽ? እኚህ ሰው ጉሮሮን አንድም ቀን ወርደው አያውቁም።»

«ቀልድህን ተው።»

«ሙች! ሁሌ አናቱ ላይ ይደርሳሉ፣ ያያሉ፣ ይዞራሉ። እኛም አይተን እንዳላየን ዝም ነው።»

ለመገረም ጊዜ አላገኘችም። ፔዳሎቹ ላይ ቆመች፣ ወገቧን ወደ ኋላ አደረገች፣ ፍሬኑን በአንድ ጣት አባበለችው። ትልቁ ድንጋይ በግራ በኩል መጣ፤ እሷ ግን ከጎኑ ያለውን የአፈር መስመር ብቻ አየች። ሳይክሉ ከሥሯ እንደ ፈረስ ሲዘል ጉልበቶቿ ተቀበሉት። መታጠፊያው ላይ አገጯን አዞረች፤ ጎማው አፈሩን ነክሶ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የሰማችው የገዛ ጩኸቷን ነው። ሜዳው ላይ ስትደርስ ሳይክሉን ጥላ በጋሼ ፍሬን አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ወረድኩ! ጋሼ፣ ወረድኩ እኮ!»

«አየሁ» አሉ። ምክር የለ፣ እርማት የለ። ቀና ብለው ጉሮሮን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ሳይክላቸውን ይዘው፣ በእግራቸው፣ ሽቅብ መግፋት ጀመሩ።

ቧንቧ ሠራተኛው ከላይ ወርዶ አጠገቧ ሲቆም ጋሼ ፍሬን አናቱ ላይ ደርሰው ነበር። ሄልሜታቸው ብቻ ይታያል። ቆዩ። «ይመለሳሉ» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። ፋርማሲስቷ ራሷ ስትወርድ እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ለሚወዱት ሽማግሌ ዘመድ እንደሚለመን፣ ይመለሱልኝ ብላም፣ ይውረዱልኝ ብላም ለመነች።

ወረዱ። ከመታየታቸው በፊት ተሰሙ።

«ክርን! ክርንህን እጠፍ አንተ ሰውዬ! ቀና በል! ድንጋዩን ተወው፣ እሱ የትም አይሄድም! አባብለው! አይዞህ! አይዞህ እንጂ!»

ፋርማሲስቷ ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሁሉ ምክር፣ ለእሷም፣ ለቧንቧ ሠራተኛውም፣ ለውሻውም የተነዛው፣ አንድ የፈራ ሰው ለራሱ ሲነግረው የኖረ ነገር ነው። ጋሼ ፍሬን ትልቁን ድንጋይ አለፉት። መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማቸው ሸርተት አለ፣ አንድ እግራቸው ከፔዳል ወጣ፣ ተመለሰ፤ እንደ ምንም ቀጥ ብለው ከአቧራው መሀል ወጡ። ፋርማሲስቷና ቧንቧ ሠራተኛው ኳስ ሜዳ ላይ እንዳሉ ደጋፊዎች ተቃቅፈው ዘለሉ።

ሰውዬው ቆሙ። ጣቶቻቸው ፍሬኑ ላይ ደርቀው ቀርተው ስለነበር ፋርማሲስቷ አንድ በአንድ አላቀቀችላቸው። ፊታቸው በአቧራ ተለውሷል፤ በአቧራው መሀል ግን ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል።

«እንዴት ነበርኩ?» ብለው ጠየቁ።

ለጥያቄው ደግ መልስ ነበራት፤ «ግሩም ነበሩ» ማለት። አፏን የከፈተችውም ለእሱ ነው።

«መታጠፊያው ላይ የውጭውን ፔዳል ወደ ታች አላደረጉም» አለች። «ለዚያ ነው የተንሸራተቱት። ደግሞ ጎማዎ ተወጥሯል፤ ማነው እሱን የነፋው? ክርንዎም...»

ቧንቧ ሠራተኛው በድንጋጤ አያት። ጋሼ ፍሬን ግን እንደ ጥሩ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ከዚያም የጎማቸውን ነፋስ ቀነስ አደረጉና፣ ሳይክላቸውን አዙረው እንደገና ሽቅብ መግፋት ጀመሩ። እሷም እያስረዳች ተከተለቻቸው።