ወደው ነው የሄዱት?

በየመንደሩ ክርክር የማይጠግብ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ በስኮትላንድ ለምንኖር የስካይ ደሴት ጭሰኞች የደረሰን ክቡር ሎክላን ማክአስኪል ነው። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ባለርስቶቹ ሕዝቡን ከለሙ ሸለቆዎች፣ ገሚሱን ወደ ድንጋያማው ጠረፍ ገሚሱን ወደ ካናዳ አባረው፣ በመሬቱ በግ አሰማሩበት። ይህን የማያውቅ የለም። ሎክላን ግን "ለምን?" ይላል። ከመለስክለት ቀንህ አለቀ።

በግ ስንሸልት ይጀምራል። ጀልባ ላይ፣ ማዕበሉ እያናወጠን ስናስመልስም ይጀምራል። አጎቴን ስንቀብር እኔ የሬሳ ሳጥኑን ገመድ ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሳወርድ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ይህ ምስኪን ለምን በዚህ ድንጋያማ ጠረፍ እንደሚቀበር ታውቃለህ? ስግብግብነት ነው! ሌላ ምክንያት የለም!" አለኝ።

ደግነቱ ኤፊ ነበረችልን። ኤፊ ጎረቤቱ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ምላሷ የተሳለ ሴት። በድንጋይ አጥራቸው ግራና ቀኝ ቆመው ሲጯጯሁ መንደሩ እፎይ ይል ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ በዝቶ መሬቱ አልበቃ አለ። ድንቹን በሽታ ጨረሰው። ባለርስቱም ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር!"

"ዕዳው የቁማር ነዋ!"

"ድንቹንም በቁማር ነው የበላው በለኛ!"

ባለፈው ክረምት ኤፊ ሞተች። ቀብሯ ላይ ሁላችንም የሎክላንን አፍ ስንጠብቅ ትንፍሽ ሳይል ወደ ቤቱ ገባ። በግ ስንሸልትም ዝም አለ። መጀመሪያ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጆሮዬ አረፈ ብዬ ደስ አለኝ። እየቆየ ግን ዝምታው ከጩኸቱ ይብስ አደከመኝ።

አንድ ከሰዓት ቤቱ ሄድኩ። ምድጃው በርዷል፤ እሱም ኮፍያውን እንዳደረገ ተቀምጧል።

"ደህና ነህ ጋሽ ሎክላን?"

"ደህና።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ ሰው አንዲት ቃል! የገዛ ቅድመ አያቴን የባለርስቱ ሰዎች ከነሕመሟ ከቤት አውጥተው ጣሪያዋን ማቃጠላቸውን እያወቅሁ፣ እዚህ መንደር ማንም የማይደፍረውን ተናገርኩ።

"ሳስበው ሳስበው፣ ማንም አላስገደዳቸውም እኮ። ወደው ነው ካናዳ የሄዱት።"

ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ወደው?"

"ወደው።"

"ጣሪያው በላያቸው እየነደደ? ወደው?!" ብድግ ብሎ ምድጃው ውስጥ ማገዶ ይወረውር ጀመር። "ተቀመጥ!"

"ተቀምጫለሁ እኮ።"

"እንግዲያው ኮትህን አውልቅ፤ ቶሎ አትሄድም!"

አወለቅሁ።