በእንግዳ በኩል ያለው ቆርቆሮ

ደሃ መሆን ቀላል ይመስላችኋል፣ አይደል? ከማጣት ሌላ ምንም የማይጠይቅ ነገር ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለካ ማጣትም ወግ አለው! ሲያዩት "ወይኔ!" የሚያሰኝ፣ ፎቶ ሲነሳ የሚያምር፣ ከሩቁ የሚለይ ማጣት ካልሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ፊቱን ታጥቦ፣ ወለሉን ለቅልቆ፣ ፈገግ ብሎ በር ላይ የሚቀበላችሁ ድህነት ድህነት አይባልም። በረከት ነው የሚባለው።

ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። እኔና ትምህርት ቤት በጊዜ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። ወልቂጤ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጅ ደግሞ፣ የጉብሬ ካምፓስ ተማሪዎች አይቀየሙኝና፣ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሹፌሩን ጀርባ እንደ ግድግዳ ቆጥሮ የልቡን ያወራል። ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ይረሳዋል።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ደሃ ትወዳለች። እንዲህ እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ እየዘመርን እንወደዋለን፣ እያለቀስን እንወደዋለን፣ በማይክራፎን እንወደዋለን። ፍቅሩ እንዳይበታተን ደግሞ የምሕረት ኮሚቴ አቋቁመናል። ሰብሳቢው ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት ወንድም ፍቅሬ ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ እህት ሰናይት አለች፤ አስተማሪ ናት፣ እንባዋ ቅርብ ስለሆነ መሃረብ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። የኮሚቴው እግር ደግሞ የኔ ባጃጅ ነው። ሒሳብ ስጠይቅ "ለጌታ ሥራ እኮ ነው!" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ቤንዚኑ ግን ገና ዳግም አልተወለደም።

ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጥቂት እንሰቶች ጀርባ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የሚያድስ ጠፍቶ ጣሪያቸው ወንፊት ሆኗል። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አልጋቸው ላይ ሲወርድ ከረመና ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉ እስካሁን አለቀቃቸውም። ሌላው ክረምት ደግሞ እየደረሰ ነበር። ኮሚቴው ይህን ሰምቶ "ሄደን በዓይናችን እንየው" አለ። ደግ አለ። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደሚመጣ አስቀድሞ ላከባቸው።

ለጉራጌ እናት "እሁድ እንመጣለን" ብሎ መላክ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እትዬ አስካለ እያሳሉ ወለሉን ለቀለቁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሸክላ ጣባ ሁሉ አውርደው፣ አጥበው፣ መልሰው ሰቀሉ። ለክረምት ብለው ጉድጓድ ውስጥ ያኖሩትን ቆጮ አወጡ። የጎደለውን ለመሙላት ጎረቤታቸው በርበሬ ነጋዴው ጋሽ ከድር ዘንድ ዘለቁ፤ ቅቤ፣ አይብ፣ ወንበር፣ ገና ያልተረገጠ ጅባ ምንጣፍ ተዋሱ።

"አንቺ አስካለ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ችግርሽን ሊያዩ ነው ወይስ ሊድሩሽ?" አሏቸው ጋሽ ከድር።

"ዝም በል፣ ከድር! እንግዳ ባዶ ቤት ይገባል?"

"ወላሂ፣ እነሱን ብሆን ምጽዋት የምጠይቀው ካንቺ ነበር!" አሉና ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው አደረሱላቸው።

እሁድ ኮሚቴውን ጭኜ ደረስኩ። ፀሐይዋ ለጉድ ወጥታለች፤ በጣሪያው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ጅባው ላይ ጠቃጠቆ ጥሎ ጭራሽ ቤቱን አስጊጦታል። ጎመን በአይብ ቀረበ። ቆጮው ቀረበ። ሥጋ ባይኖርም ቅቤው ሥጋን አስረስቷል። እህት ሰናይት ለእንባ ባዘጋጀችው መሃረብ ከንፈሯ ላይ የቀረውን ቅቤ ጠረገችበት።

"እናታችን፣ የጎደለ ነገር አለ?" አሉ ወንድም ፍቅሬ፣ እየጎረሱ።

"እናንተ መጥታችሁልኝ ምን ይጎድለኛል? ይልቅ ብሉ! በሞቴ!"

በሉ። ጸለዩ። ፎቶ ተነሱ። ስንመለስ ጀርባዬ እንደተለመደው ግድግዳ ሆነ።

"እኛ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ቆጮ አይገኝም" አለች እህት ሰናይት።

"ቆርቆሮው ለእውነተኛ ችግረኛ ቢውል ይሻላል" አሉ ወንድም ፍቅሬ፣ ቀበቷቸውን እያላሉ።

በሚቀጥለው እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው "ልንባርክ ሄደን ተባርከን መጣን!" ብለው መሰከሩ። ጉባኤው አጨበጨበ። ለእትዬ አስካለ ጭብጨባው ደረሳቸው፤ ቆርቆሮው ቀረ። "ኧረ ጣሪያው ያፈሳል" ብል፣ ወንድም ፍቅሬ "አንተ ልጅ፣ በዓይናችን አይተን መጣን አይደል እንዴ?" ብለው አፌን አስያዙኝ። በዓይናቸው ቢሆን ጥሩ ነበር። ያዩት በሆዳቸው ነው።

እኔ አራዳ ነኝ ባይ ደግሞ እትዬ አስካለ ቤት ሄጄ የድህነት ማሠልጠኛ ከፈትኩ። "እትዬ፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ጣባዎቹን ይደብቋቸው። ወለሉን አይንኩት። ሳሉንም አያፍኑት፣ ለቀቅ ያድርጉት።"

እናታቸውን የሰደብኩ ያህል አፈጠጡብኝ። "ቸግሮኛል እንጂ ባልጌያለሁ እንዴ? እንግዳ እየመጣ ቤቴን ላቆሽሽ? በል አሁን ቁጭ በል፣ ቆጮ አለ!"

የክረምቱን ቆጮ! በላሁ። ምን ላድርግ፣ "በሞቴ" አሉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሚቴውን ጉብሬ ከለቅሶ እየመለስኩ ዶፍ ወረደ። ልክ እትዬ አስካለ ደጃፍ ስንደርስ ባጃጄ ቀጥ አለ። ባጃጅን ብዙ ነገር ያቆመዋል፤ ቁልፉን ማጥፋትም አንዱ ነው። "ውሃ ሳይገባው አልቀረም" አልኩ፣ ያዘንኩ መስዬ። ሮጠው ገቡ።

ቤቱ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ከውጭው ይብሳል። ጣባዎቹ በሙሉ ከግድግዳ ወርደው በየቀዳዳው ሥር ተደርድረዋል። እትዬ አስካለ እንግዶቹን የተሻለ ደረቅ በሆነው በኩል አስቀምጠው፣ ራሳቸው ከአልጋው አጠገብ ፏፏቴው ሥር ቆመው፣ ሻሻቸው እየተንጠባጠበ፣ እያሳሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። "ዛሬስ ዝናቡ አሳፈረኝ፣ ልጆቼ!" እህት ሰናይት መሃረቧን አወጣች፤ በዚህ ጊዜ ለዓይኗ ነበር። ወንድም ፍቅሬ ግን "አይ፣ ዝናብ እኮ በረከት…" ብለው ስብከት ሲጀምሩ፣ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ በቀዳዳ ሾልካ፣ በኮሌታቸው ገብታ፣ በጀርባቸው ቁልቁል ወረደች። ብድግ አሉ።

"ይሄ ጣሪያ መቀየር አለበት!"

የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ የሰው ጣሪያም ያው ነው። ስንት ስብከት ያልደረሰበት ቦታ አንዲት ጠብታ ደረሰች።

እውነትም ከሱቃቸው ቆርቆሮ መጣ፤ ተመታ፤ ፎቶ ተነሳ። ግን እነሱ ተቀምጠውበት የነበረው በኩል ብቻ ነው የተመታው። "የአልጋው በኩልስ?" አልኩ።

"እሱን በጸሎት ይዘነዋል" አሉኝ።

በነጋታው ሄጄ "እትዬ፣ በሉ አልጋውን ወደ ደረቁ በኩል እንግፋው" ስላቸው እንደገና አፈጠጡብኝ።

"እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ? ድንገት ሰው ቢመጣ የት ላስቀምጠው ነው?"

ጋሽ ከድር በር ላይ ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁ፤ ሄደው መሰላል አመጡ። እኔ ከባጃጄ ጎን የዝናቡን ሸራ ፈታሁ። ከአልጋው በላይ ወጥረን አሰርነው። ሳሉ ገና አለ፣ አልጋው ግን ደርቋል።

ስለዚህ ወልቂጤ መጥታችሁ የጎን ሸራ የሌለው ባጃጅ ላይ ከወጣችሁ፣ ዝናቡም ካረሰረሳችሁ፣ አትነጫነጩ። ሳታውቁት ምጽዋት እየሰጣችሁ ነው። ትናንት ወንድም ፍቅሬ ተሳፍረው ግማሽ ጎናቸው ራሰና "ይሄ ሸራ መቀየር አለበት!" ብለው ጮኹብኝ።

"በጸሎት ይዤዋለሁ" አልኳቸው።