እትዬ ሶፋና አንዷ መስኮታችን

በሰው አገር ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ሁሉ አንድ ዕቃ ሰጪ አያጡም። ሥራ ሊያጡ ይችላሉ፣ የአገሩ ቋንቋ ሊያስቸግራቸው ይችላል፤ ዕቃ ሰጪው ግን ሻንጣው ሳይፈታ ደርሶ በር ያንኳኳል። እናንተም አንድ ሳታውቁ አትቀሩም። እኔ እጄ ለጽሕፈት ከባድ ስለሆነ የኛዋን ብቻ ላውራ።

የኛዋ ክብርት እትዬ ሶፋ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት፤ ፊት ለፊታቸው ግን ብለን አናውቅም። ከኛ በፊት የመጡ ያገራችን ሰው ናቸው፣ ከኛ በታች ካለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። በመጣን ሳምንት አንድ ትልቅ ቡናማ ሶፋ ሰጡን። እኔና ባለቤቴ ተሸክመን ደረጃውን ስንወጣ እሳቸው ከኋላ ይመራሉ።

«ቀኝ፣ ቀኝ። ልጄ፣ ቀኝህ የቱ ነው?»

ክፍላችን አንድ ናት፣ መስኮቷም አንድ። ሶፋው ከመስኮቱ ሥር በቀር የሚያስገባው ቦታ ጠፋ። «እዚህ ይመቸዋል» አሉ። ለሶፋው ማለታቸው ነው። ጀርባው መስኮቱን ከሞላ ጎደል ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጠዋትም የመሸ ይመስላል።

ስጦታው ከነጉብኝቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ከርሜ፣ ወገቤ ተቆርጦ እሁድ ጋደም ስል በሩ ይንኳኳል።

«እናንተን አይደለም፣ ሶፋውን ላየው ነው የመጣሁት።»

ይቀመጣሉ። እኛ ስንቀመጥ የሚያቃስተው ሶፋ ለሳቸው ጸጥ ይላል። «አያችሁ፣ ይሄ ዕቃ ያውቀኛል።» ከዚያ ትራሱን ማገላበጥ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ ፈሶበት ነው፣ እትዬ።»

«ሻይ በጠረጴዛ ነው የሚጠጣው።»

«ጠረጴዛ የለንም።»

«እሱንስ ልሰጣችሁ ነበር፤ የት ታስገቡታላችሁ?»

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪና አግኝታ የጎረቤት ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ቀኑን ሙሉ በአምፖል ስትሰፋ ዓይኗ ደም ይለብሳል። አንዴ ስፌቱ ጠሞ ደንበኛዋ ቀሚሷን ይዛ ተመለሰችባት። እንዲህ ከቀጠለ ሥራው ሊቀርባት ነው።

«ንገራቸው» ትለኛለች።

«አንቺ ንገሪያቸው፣ ሴት ለሴት ይቀላል።»

«አንተን አይደል ልጄ የሚሉህ?»

እንዲህ ስንባባል ክረምቱ አለፈ። ለመጣላት እንኳ ደክሞን ነበር።

አንድ እሁድ ባለቤቴ የጠመመ ስፌት እየተረተረች ብድግ አለች። «በዚያ በኩል ያዝ።» ያዝኩ። ሶፋውን ኮሪደር አወጣነው። ብርሃን ገባ፤ ግድግዳችን ቢጫ መሆኑን ያን ጊዜ አየን። መኪናውን መስኮቱ ሥር ስናስጠጋ ደረጃው ላይ የታወቀው የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ።

እትዬ ሶፋ ሶፋውን አዩ፣ እኛን አዩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡበት። አሁንም ጸጥ አለላቸው።

«ለብርሃኑ ብዬ ነው፣ እትዬ» አለች ባለቤቴ። «ዓይኔ እምቢ አለኝ።»

«ደግ አደረግሽ። መቅላቱን የማላይ መስሎሽ ነው?» ትራሱን አገላበጡ፤ ስለ ሻዩ ግን አላነሱም። «እንግዲህ እሁድ እሁድ ምን ብዬ ነው የማንኳኳው?» አሉ፣ ለኛ ሳይሆን ለሶፋው።

አሰብኩት። በዚህ ከተማ ልብስ ከሚያመጣ ደንበኛ ሌላ፣ እሳቸው ካልሆኑ በራችንን የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ አንባቢውና ቤት የተሳሳተ ሰው ነው።

ሰው ፊት ቆሜ ስጡኝ ማለት ለኔ ሞት ነው። ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋ... ትርፍ በርጩማ አይጠፋም? መኪናው ጋ መቀመጫ የላትም።»

ቀና አሉ። «አለ። አንድ እግሩ ግን ይነቃነቃል።»

«ይነቃነቅ።»

«አያያዙን ካላወቃችሁ ይጥላችኋል። እየመጣሁ ማየት አለብኝ።»

«ይምጡ እንጂ» አለች ባለቤቴ።

ሶፋው ወረደ፣ በርጩማው ወጣ። እግሩን ካርቶን አጥፌ ወሽቄበት አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እሁድ የነጠላ ጫማው ድምፅ ሲሰማ ግን ካርቶኑን መዝዤ ኪሴ እከታለሁ። ካልተነቃነቀ ምን ብለው ይቆጡናል?