ፊቱ የቀላው ሽማግሌ

[ከከሚሴ ከፍ ብሎ፣ ባጃጅ የማይወጣው ዳገት ላይ፣ ሸህ ሙሳ ደጃፍ። ሙህዲን የሸህ ሙሳን ልጅ ነኢማን ለልጁ ለአንዋር ሊጠይቅ ከጨፋ ሮቢት መጥቷል። ሽማግሌ ብልክ ነገር ያበላሹብኛል ብሎ ነው ራሱ የመጣው። ወዳጁ የከሚሴው ዘይኑ አብሮት ወጥቷል፤ የአውድማው አቧራ አስሙን ቀስቅሶበት አጥር ተደግፎ ያስላል።]

ሙህዲን፦ ተመለስ ነው የምልህ! በዚህ ፊት እዚህ በር ላይ አትቆምም!

ዘይኑ፦ ፊቴ... ምን ሆነ?

ሙህዲን፦ ድልህ የተቀባህ መስለሃል! ሸህ ሙሳ ፊቱ የቀላ ሰው ካየ ጠጥቷል ነው የሚለው። ከባቲ የመጡትን ሽማግሌዎች፣ ፀሐይ ነው የመታን ብለው ቢምሉለት እንኳ፣ ከበር ነው የመለሳቸው።

ዘይኑ፦ አስተግፊሩላህ! አስሜ ነው እኮ።

ሙህዲን፦ አስም ያለው ደረት ውስጥ ነው። ፊትህን ምን አገባው?

ዘይኑ፦ ሐኪሟ ነግራኛለች። ሳል ሲያጣድፍህ፣ ትንፋሽ አጥተህ ስትታገል፣ ደሙ ወደ ፊት ይወጣል አለች።

ሙህዲን፦ ሐኪሟ! እኔ ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

ዘይኑ፦ ዘበኛ ነበርህ እኮ።

ሙህዲን፦ ታዲያ ሐኪሞቹን በየጠዋቱ የሚያስገባቸው ማን ነበር?

ዘይኑ፦ [የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሱ አውጥቶ ወደ አፉ እየሳበ] እሱስ... ልክ ነህ።

ሙህዲን፦ በሳል ፊት ቢቀላ አገሩ ሁሉ በቀላ! ይኸው ልሳልልህ። እህ! እህ! ቀላሁ?

ዘይኑ፦ ገና ነህ። የኔ እኮ አንጀት የሚነቅል ነው። ትንፋሽም የለውም።

ሙህዲን፦ እሱም ይቻላል! [አፍንጫውን ይዞ፣ ለሁለት ታጥፎ ያስላል።]

ዘይኑ፦ [ትንፋሹ መለስ ብሎለት፣ የፊቱም ቅላት ጠፍቶ፣ በአድናቆት] አሁን ጀመረህ... ወላሂ ጆሮህ ድረስ ደረሰ!

ሙህዲን፦ አል... ቀላ... ሁም!

[በሩ ይከፈታል። ሙህዲን፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ተንገዳግዶ ሸህ ሙሳ ትከሻ ላይ ይወድቃል።]

ሸህ ሙሳ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ! በጠራራ ፀሐይ! ዘይኑ፣ አከም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ አንተ ግባ። ይሄ ግን ከደጄ ይሂድልኝ!

ዘይኑ፦ ነኢማን ለአንዋር ልንጠይቅ ነው የመጣነው፣ ሸህ ሙሳ።

ሸህ ሙሳ፦ እሱስ ጨዋ ልጅ ነው ይሉታል። አባቱ የታለ?

ሙህዲን፦ [መናገር አቅቶት፣ አይሆንም አትናገር እያለ እጁን ያወናጭፋል።]

ዘይኑ፦ ይኸው ትከሻዎ ላይ። አልጠጣም፣ በአላህ ይመኑኝ። አስም ፊት እንደማያቀላ እያስረዳኝ ነው።