የእትዬ ዘይነባ ሁለት በሮች

ትሕትና ሲበዛ መንገድ ይዘጋል። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ በር ላይ ሲገናኙ አይታችሁ አታውቁም? «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!» ሲባባሉ ከኋላቸው የቆመው ሁሉ ፀሐይ ይመታዋል። ይህ በሽታ ሰውን ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኮምፒውተርንም አይምርም።

ነገሩ የሆነው ኢንተርኔት አገራችን በገባ ሰሞን ነው። ወሎዬዋ እትዬ ዘይነባ ቦሌ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር የሐበሻ ቀሚስ ይሸጣሉ። መንገደኛው ሻንጣውን ዘግቶ እየመጣ ስለሚያልፋቸው ገበያው ቀዝቅዞ፣ ሱቁን ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም። የቀረቻቸው ተስፋ እኔ የምሠራላቸው ዌብሳይት ናት። (ተስፋም አንዳንዴ የሚጣልበትን ሰው አያውቅም።) አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አዘዙኝ፦ የቀሚሱን ፎቶ ዓለም ይየው፣ የደንበኛዬ ልክ ግን ይሸፈን፤ የሴት ልጅ ወገብ አደባባይ አይሰጣም ወላሂ፣ አሉኝ።

እኔም ሰርቨሩ፣ ማለትም ዌብሳይቱ የሚያድርበት ኮምፒውተር ላይ ሁለት በር አበጀሁ፤ ለፎቶው ክፍት፣ ለልኩ የተቆለፈ። እንግዳው በር ቢሳሳት እንኳ ሰርቨሩ ራሱ አድራሻውን እያቃና ወደሚገባው በር እንዲመራው ትእዛዝ ጻፍኩ። ሊቅነቴን አድንቄም ራሴን ማኪያቶ ጋበዝኩ።

እትዬ ዘይነባ ፊት ስከፍተው የልክ መቀበያው ገጽ የለም! ክፍቱ በር እንግዳውን «በዚያኛው ይግቡ» ብሎ ይልከዋል፤ የተቆለፈው ደግሞ ፎቶውንም ልኩንም ሳይለይ «ኧረ በክፍቱ ይግቡ» ብሎ ይመልሰዋል። ሲሸኛኙ ዋሉ። እትዬ ዘይነባ ሱቁን ሊዘጉ ቀሚሶቹን ማጣጠፍ ጀመሩ። አንጀቴን በሉት።

የማኪያቶው ኩራት ከላዬ ላይ ሲበርድ ጥፋቴ ተገለጠልኝ። ቤት የደረሰ እንግዳ ቁጭ በል ይባላል እንጂ መንገድ ይመሩታል? የተቆለፈው በር ልክ ይዞ የመጣውን እንዳይመልስ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ገጹም ተከፈተ።

ብዙም ሳይቆይ ከባሕር ማዶ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ልኳን ላከች። ያን ሁሉ ውቅያኖስ ሲሻገር ማንም አላየውም። እትዬ ዘይነባ አነበቡትና በደስታ ከሱቃቸው ዘለው ወጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ «ወገብ ሰማንያ አምስት! ዳሌ መቶ አሥር! ከውጭ አገር ነው!» ብለው ጮኹ። ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ በሙሉ ዞረ።

ከመካከላቸው አንዲት ወይዘሮ ወደ ሱቁ ጠጋ አለችና እኔንም ይለኩኝ አለች፤ ብቻ ድምፅዎን ቀነስ አድርገው።