በማኪና ጣሪያ ላይ የወጣው አልጋ

በጎንደር ከተማ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። ግንቡን የሠሩት ሰዎች ብዙ ስለነበሩ ምስጋናው ተበታትኖ ቀርቷል። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ባላምባራስ በላቸው የፈጸሙት ሥራ ግን የሌላ ሰው እጅ አልነካውም፤ ምስጋናው ሳይሸራረፍ እንዲደርሳቸው ይህን እንጽፋለን።

ነገሩ በማስታወቂያ ተጀመረ። “በጣና ላይ ለሚመላለሱ ታንኳዎች ሹም ስለሚያስፈልግ፣ ሹመት ፈላጊ ሁሉ የገዛ ታንኳውን ይዞ፣ ያለ ማንም ረዳት፣ ሐሙስ ጎርጎራ ይቅረብ” ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎርጎራ ወርዶ ታንኳ ይገዛ ነበር። ባላምባራስ ግን “ይዞ” የሚለውን ቃል አከበሩ። የደንገል ታንኳ ከጎርጎራ ገዝተው በጭነት ማኪና ጎንደር አስመጡ፤ መልሰው ይዘውት ሊወርዱ።

ጣሊያን ጥሏት የሄደች አንዲት ትንሽ ማኪና ነበረቻቸው። ታንኳው ከጣሪያዋ ላይ የሚያርፍበት ነገር ሲፈልጉ ዓይናቸው በጠፍር አልጋቸው ላይ ወደቀ። አውጥተው፣ ገልብጠው ጣሪያው ላይ ጫኑት። አራቱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆሙ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ታየች ከደጃፍ ሆነው አዩ።

“ምነው አንቱ! ዛሬ ማታ በምን ላይ ልንተኛ ነው?”

“የሹም ሚስት ስትሆኚ የሽቦ አልጋ አለልሽ።”

“እስከዚያስ?”

“እስከዚያ መሬቱም ሸጋ ነው።”

“አያ ዋሴ ከጎረቤት ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። አንዱን ጫፍ ቢይዝልዎ ምን አለበት?”

“ጫፍ ይዞ፣ ነገ ‘እኔ ነኝ ያሾምኩት’ ይበለኝ?”

ታንኳውን ከማኪናዋ ጀርባ አስደግፈው በትከሻቸው ገፉት። ደጋግሞ ወረደባቸው። በመጨረሻ ተንሸራቶ በአልጋው እግሮች መካከል ሲጋደም ወይዘሮ ታየች እልል ሊሉ ከጀሉና አልጋቸው ትዝ ቢላቸው ተዉት።

አልጋ የጠፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጠፍር በእርጥቡ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይከርራል፣ ቋጠሮውም ድንጋይ ይሆናል። ይህን ጥበብ ወደ ማኪና ያሻገሩት ባላምባራስ ናቸው። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያቆዩትን የቆዳ ጠፍር በታንኳው ላይ አሳልፈው፣ በአንዱ መስኮት አስገብተው በሌላው እያወጡ ላላ አድርገው ጠመጠሙት። ጫፉን የሚይዝላቸው ሰው ስለሌለ ውስጥ ገብተው፣ በሮቹን ዘግተው፣ ከራሳቸው በላይ ስበው አጥብቀው ቋጠሩት። ከዚያም መንገድ ጀመሩ።

አዘዞን ሲያልፉ ጠፍሩ ገና እርጥብ ነበር። ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወርዱ ፀሐዩ በረታ። ጎርጎራ ሲደርሱ ታንኳው ከጣሪያው ጋር፣ በሮቹም ከታንኳው ጋር አንድ አካል ሆነዋል። በመስኮቱ ከራስ በቀር የሚያልፍ ነገር አልነበረም።

ከከተማው ወሬ ሰምተን የወረድን ሁሉ ከበብናቸው። ሹሙን ሊመርጥ የመጣው ተቆጣጣሪ ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ሌላው ተወዳዳሪ፣ የጎርጎራው ፋንታሁን፣ ታንኳውን ብቻውን እየቀዘፈ መጥቶ ከውኃው ወጣ።

“ባላምባራስ፣ ይውረዱ እንጂ” አለ ተቆጣጣሪው።

“እዚሁ ይሻለኛል።”

“ታንኳዎን አያሳዩንም?”

“ከላይ ነው፤ ቀና ቢሉ ይታያል።”

ፋንታሁን ቀረብ ብሎ ጠፍሩን ዳሰሰ። “አያ በላቸው፣ ማጭድ ላምጣ? ለአንድ አፍታ ነው።”

ባላምባራስ ማጭዱን በልባቸው ተመኙት። ግን የሰው እጅ ከረዳቸው ሹመቱ ቀረ። ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ “ማን ታስሬያለሁ አለህ?” አሉት።

ተቆጣጣሪው ብዙ ካሰበ በኋላ ቆሞ ፍርዱን ተናገረ።

“ፋንታሁን ታንኳ ይዞ አልመጣም፤ ታንኳው ነው እሱን ይዞት የመጣው። በዚያ ላይ ገና ሳይሾም ልብሱን አረጠበ፤ ከቀዛፊዎች ጋር ሲሳሳቅም ታይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ነገ የሐይቁን ጉዳይ እያጣራ ይጽፍልናል፤ ማን ሊያነበው? ባላምባራስ ግን ከደረሱ ጀምሮ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። ጉዳይ ያለው በመስኮት ያናግራቸዋል። ሹም ማለት ይህ ነው፤ ተሹመዋል!”

እልል ተባለ። ባላምባራስ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው እጅ ነሡ። ቀጥለውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ፋንታሁን፣ ያን ማጭድ እንግዲህ አምጣው” አሉ።

ፋንታሁን ማጭዱን ይዞ ሲመጣ ተቆጣጣሪው እጁን ያዘው።

“ተው! የተሾሙት ስላልተነሡ ነው። አሁን ቢነሡ ሹመቱን ምን ብዬ ላጸድቀው?”

ነገሩ ሕጋዊ ስለነበር የሚከራከር አልተገኘም። የሹመቱ ደብዳቤ ተፈርሞ እስኪመጣ ድረስ አዲሱን ሹም በመስኮት እያጎረስን አቆየናቸው።